ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ፦ ዜማውም መንዙማውም ሳይቀላቀል ይሰማ

ይድረስ ለኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ አባቶች፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የደሴ ልጅ ነኝ። ሥራዬ ድምፅ መቅረጽ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ማይክሮፎን ስተክል፣ ገመድ ስጠቀልል፣ የሰው ድምፅ ሳጠራ ኖሬያለሁ። የሃይማኖት ሊቅ አይደለሁም። ስለ ቀኖናም ሆነ ስለ ሸሪዓ ለእናንተ የምነግረው ነገር የለኝም። የምጽፍላችሁ ስለማውቀው ነገር ነው፤ ስለ ድምፅ።

ልመናዬን አስቀድሜ ልናገር። የሼኾቻችንን መንዙማና የመሪጌቶቻችንን ዜማ ባለቤቶቹ በሕይወት እያሉ አስቀርጹልን። አንዱ የሌላውን ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥበትን ጊዜና ቦታ አመቻቹልን። መድረክ ላይ ግን አታቀላቅሉብን። አሁን ምክንያቴን ላስረዳ።

ያደግኩት ሸዋ በር አካባቢ፣ በአንድ ግድግዳ ለሁለት በተከፈለ ቤት ነው። በዚህ በኩል አያቴና እኛ፣ በዚያ በኩል ሐጂዬ ከነቤተሰባቸው። ሐጂዬ የምንላቸው እኛ ልጆቹ ነን። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ላዩ ላይ ጋዜጣ ተለጥፎበታል። ወዲያ ማዶ ሲሳል ወዲህ ይሰማል። ቡና ሲወቀጥ ይሰማል። ስለዚህ መውሊድ ሲመጣ እኛም ቤት መውሊድ ነበር።

አያቴ ማታ ማታ ጥጥ ትፈትላለች። ሐጂዬ ድቤው ተመትቶላቸው መንዙማ ሲጀምሩ እንዝርቷን ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች። እኛ ስንንጫጫ ደግሞ በእጇ ምልክት ሰጥታ ዝም ታሰኘናለች። «ዝም በሉ፣ ሐጂ ጌታቸውን እየጠሩ ነው» ትለናለች። አንዱ ስንኝ ዐረብኛ ነው፣ ቀጣዩ አማርኛ። በዐረብኛው ጊዜ ግድግዳውን ታያለች። አማርኛው ሲመጣ ራሷን ትነቀንቃለች። ተቀባዮቹ ሲያጨበጭቡ የኛ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ ይርገበገብ ነበር። ያን ጋዜጣ ሲርገበገብ አሁንም አያለሁ።

ሁዳዴ ሲገባ ተራው የሐጂዬ ነው። አያቴ የራዲዮኑን ድንጋይ ቀን ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ ማታ በገና ትከፍታለች። ሐጂዬ ከዚያ ማዶ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ያንኳኳሉ። ድምፁን ጨምሪው ማለታቸው ነው። አባቴ አንድ ቀን ጠየቃቸው፦ «ሐጂ፣ ይሄ እኮ የኛ የጾም መዝሙር ነው፤ ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል?» ሐጂዬ እንዲህ አሉት፦ «የሚያወራው ስለ ሞት አይደለም እንዴ? ሞት ደግሞ የእናንተ ብቻ ሆነ?»

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አያቴ በሕይወቷ አንድም መንዙማ አላለችም። ሐጂዬም በገና አልነኩም። እሷ እስክትሞት ማዕተቧን አልፈታችም፣ እሳቸውም እስኪሞቱ ሶላታቸውን አላጓደሉም። ማንም ማንንም ወደራሱ አልሳበም። ግን አንዱ የሌላውን ጸሎት ሙሉውን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ በአክብሮት ሰምቷል። ስለ ሃይማኖት መቻቻል ብዙ ስብሰባ ቀርጫለሁ። ያን የጭቃ ግድግዳ የሚተካከል ግን አላገኘሁም።

ይሄ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ እናንተን አላስቸግርም ነበር። የወሎ ሰው ሁሉ የየራሱ ግድግዳ አለው። በአንድ ቤት ውስጥ ወንድሙ ሙስሊም፣ እህቱ ክርስቲያን የሆነ ሞልቷል። ለሠርግ ሁለት ዓይነት ሥጋ ይዘጋጃል፣ ድንኳኑ ግን አንድ ነው። ሰው ተሰብስቦ የሚጸልይበት ወዳጃ ሲደረግ፣ ዱዓው ሲወርድ፣ «አሚን» የሚለው ሙስሊሙ ብቻ አይደለም።

ቅኝቶቻችንንም እዩአቸው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ከአራቱ ሁለቱ በቀጥታ የወሎ የቦታ ስም ናቸው። ባቲ የሰኞ ገበያዋ የታወቀ ከተማ ናት፤ ከቆላው የሚመጣው አፋርና ከደጋው የሚወርደው አማራና ኦሮሞ የሚገናኙባት። አምባሰል ደግሞ ግሸን ማርያም ያለችበት አገር ነው። ዓመት በዓመት መስከረም 21 ሕዝበ ክርስቲያኑ የሚጎርፍባት ግሸን። እንግዲህ በዚያ ተራራ ስም የተጠራው ቅኝት መንዙማ ውስጥም ይሰማል። የወሎ ሙስሊም ነቢዩን ሲያወድስ ዜማውን ከመካ አላመጣም። ያው እናቱ እሹሩሩ ስትለው ከሰማው፣ ክርስቲያን ጎረቤቱም ካደገበት ዜማ ነው የወሰደው። በገና ደርዳሪውም አውታሩን የሚቃኘው ከዚሁ ጓዳ ነው።

መንዙማ ቃሉ ዐረብኛ ነው። ነዝም ከሚለው የመጣ ነው፤ ተደርድሮ የተሰካ፣ በስንኝ የተቋጠረ ማለት ነው። በደቡብ ወሎ ጀማ ንጉሥ ላይ ሼኽ ሙሐመድ ሻፊ የተባሉት ታላቅ ሰው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ መውሊድን በመንዙማ ያደመቁ መሆናቸው ይነገራል። ጀማ ንጉሥ እስከ ዛሬ የመውሊድ ማዕከል ነው። ክርስቲያኑም ስለት ይዞ ይሄዳል። የቀድሞ ሼኾች መንዙማቸውን ሲጽፉ አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል ነበር የሚጽፉት፤ ዐጀሚ ይባላል። አንድ ዐጀሚ የሚያነብ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ከአሮጌ ደብተር ላይ ሲያነብልኝ ሰምቻለሁ። ዓይኔ የሚያየው ዐረብኛ ነው፣ ጆሮዬ የሚሰማው የአያቴን አማርኛ። እንባዬ መጣ። ለምን እንደመጣ እስካሁን በደንብ መናገር አልችልም።

የሴቶቹንም አልርሳ። ዱበርቲ የምንላቸው እናቶች በየቤቱ እየዞሩ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ በዜማ ይለምናሉ፣ ይመርቃሉ። ስለ ሼኾቹ ሲወራ የእነሱ ስም ብዙ ጊዜ አይነሳም። ለማስቀረጽ ስታስቡ ከእነሱ ብትጀምሩ ደስ ይለኛል።

በወዲህ በኩል ደግሞ ያሬድ አለ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ የነበረው ሊቅ። ትሏ ከዛፉ እየወደቀች እየደጋገመች ስትወጣ ያየበትን ታሪክ ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተናል። ሦስቱ የዜማ ስልቶች፦ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ። ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። እኔ ማለት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ይህ ዜማ ምልክት አለው። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት። ምልክቶቹ ከፊደሉ አናት ላይ ይቀመጣሉ። ምልክቱ ግን ድምፁን አይሰጥህም፣ ያስታውስሃል እንጂ። ድምፁ ያለው መምህሩ ጉሮሮ ውስጥ ነው። ተማሪው ጋይንት ቤተልሔም ድረስ ሄዶ፣ ዓመታት ተቀምጦ፣ ከመምህሩ አፍ የሚቀበለው ለዚህ ነው። መምህሩ ሲሞት ቀለሙ ይቀራል፣ ጉሮሮው ግን አብሮ ይቀበራል። መንዙማውም እንደዚሁ ነው። ደብተሩ ቢቀር ዜማው የለም።

እዚህ ላይ የድሮውን ሁሉ ማር አድርጌ ላቀርብላችሁ አልፈልግም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኢማም አሕመድ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ወሎ ላይ ከጠሩት የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም በአዋጅ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ተገዷል። በዚያ ዘመን ሼኽ ጦልሃ ጃዕፈርን የመሰሉ ሰዎች በመንዙማቸው ተቃውሟቸውን ተናግረዋል። ስለዚህ መንዙማ የፍቅር ዜማ ብቻ ሳይሆን የቁስል ዜማም ነው። በቅርቡም ቢሆን በ2010 ክረምት ጅጅጋና አካባቢው ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። በ2012 ታኅሣሥ ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጥለዋል። ዜማ ይህን ሁሉ አላስቆመም። አላስቆመም ብዬ ግን ዋጋ የለውም አልልም። የጎረቤቱን ጸሎት ከልጅነቱ ጀምሮ በደንብ የሰማ ሰው ክብሪት ሲሰጡት እጁ ቶሎ አይዘረጋም ብዬ አምናለሁ። ይህን የምለው ጥናት አንብቤ አይደለም። ያደግኩበትን ቤት አይቼ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ።

ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተለመደ የመጣ ነገር አለ። ኮንፈረንስ ይዘጋጃል፣ ርዕሱ አብሮ መኖር ነው። በመሀል ሁለት ወጣቶች መድረክ ላይ ይወጣሉ። አንዱ ነጠላ ለብሷል፣ አንዱ ኮፍያ አድርጓል። ከመዝሙሩ ሁለት ስንኝ፣ ከመንዙማው ሁለት ስንኝ፣ ከሥር ኦርጋን ይገባበታል። ይጨበጨባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ምሳ ይበላል። ያዘጋጁት ሰዎች ልባቸው ንጹሕ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አብሬያቸው ሠርቻለሁና። ግን ልክ አይመስለኝም።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ መድረክ ላይ አንድ መሪጌታ ተጋብዘው መጡ። ማይክሮፎኑን እያስተካከልኩላቸው ሳለ አስተባባሪው መጥቶ «አባታችን፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው ያለን» አላቸው። መቋሚያቸውን ወደ ደረታቸው አስጠግተው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ በቀስታ «ልጄ፣ አምስት ደቂቃ ለእኔ ድምፄን የምዘረጋበት ብቻ ነው» አሉት። ከዚያም ሄደው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ተቆጥተው አልነበረም። የሚሉት ነገር በተሰጣቸው ጊዜ ውስጥ ስላልገባ ነው።

መንዙማ የሚሉት ሼኽ ከመጀመራቸው በፊት ውዱእ ያደርጋሉ፣ ታጥበው ይነጻሉ። ማኅሌት የሚቆሙት መሪጌታ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ነው የሚያድሩት። ጸናጽሉም ከበሮውም ሽብሸባውም ቦታና ሰዓት አለው። ይህን ቆርጠን ስናቀላቅለው ጸሎቱ ይወጣና ጌጡ ይቀራል። ደግሞ ልብ በሉ፣ ድልድይ በጣም የሚያስፈልገን ለማን ነው? በእምነቱ ለጠነከረው ሰው ነው። ለስላሳው ሰውማ ድሮም ከጎረቤቱ ጋር ተስማምቷል። ያ ጠንካራ አማኝ ቅልቅሉን ሲያይ «እምነቴን በረዙብኝ» ብሎ ይሸሻል። መንዙማን ራሱን የማይቀበሉ ሙስሊም ወንድሞች አሉ። የሌላውን ዜማ መስማት ራሱ የሚከብዳቸው ክርስቲያን ወንድሞችም አሉ። እነሱን መግፋት የለብንም። ማንም ያላመነበትን እንዲል አይጠየቅ። ሐጂዬና አያቴም አንዳቸው የሌላውን አላሉም፤ ሰሙ እንጂ።

ሞሮኮ ውስጥ ፌስ በምትባል ጥንታዊ ከተማ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅዱሳን ዜማዎች ፌስቲቫል ይካሄዳል። የተጀመረው ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ፣ የሃይማኖት ጥላቻ በጋለበት ጊዜ ነበር። የሱፊውም የአይሁዱም የክርስቲያኑም ዜማ በዚያች በእስላማዊት ከተማ ይሰማል። እኛም ወሎ ላይ፣ ጎንደር ላይ፣ ሐረር ላይ ይህን ማድረግ አያቅተንም። ሐረሮች እኮ ዚክራቸው አለ፤ ከከበሮው ጋር የእንጨቱን ካበል እያጋጩ ሌሊቱን የሚያነጉበት።

ስለ መቅረጽ ላውራ፣ ይህ ሥራዬ ነውና።

በ1973 እ.ኤ.አ. ኬይ ካውፍማን ሸለመይ የተባለች ወጣት አሜሪካዊት ተመራማሪ ጎንደር አጠገብ ወዳለችው አምቦበር ሄደች። የሄደችው የቤተ እስራኤልን፣ የኢትዮጵያ አይሁዶችን፣ ጸሎት ለመቅረጽ ነው። ቄሶቹ ሲጸልዩ፣ ነጋሪቱና ቃጭሉ ሲመታ ቀረጸች። ጸሎቱ በግዕዝ ነበር። ቀስ ብላ ስታጠናው ከኢትዮጵያ የክርስቲያን ገዳማት ጸሎት ጋር ሥሩ የተሳሰረ ሆኖ አገኘችው። የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች ራሳቸው የሚተርኩት አለ፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አባ ጽብራ የሚባል መነኩሴ ከክርስቲያኖች ወደ እነሱ መጥቶ ምንኩስናን እንዳስተማራቸው። ሁለት ሃይማኖት፣ በብዙ ጦርነት የተለያየ፣ ግን በአንድ ዳዊት የሚጸልይ።

ቀረጻው ከተደረገ ሃያ ዓመት ሳይሞላ አምቦበር ከቤተ እስራኤል ባዶ ሆነች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ብቻ፣ በሁለት ቀን ውስጥ፣ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤል በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። ዛሬ በዓላቸው ስግድ ሲከበር ቄሶቹ ባለ ቀለም ጃንጥላቸውን ዘርግተው ኢየሩሳሌም ላይ በግዕዝ ይጸልያሉ። የእስራኤል ምክር ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. በዓሉን ብሔራዊ በዓል አድርጎ በሕግ አጽድቆታል። እዚያ የተወለደ ልጅ ግን ግዕዙን ከየት ይማራል? ቄሶቹ እያረጁ ነው። አምቦበር ላይ ይሰማ የነበረው ድምፅ ዛሬ ቴፕ ላይ መኖሩ፣ አንድ ሰው በሰዓቱ ስለደረሰ ነው። እኛ የሼኾቻችንና የመሪጌቶቻችን ሰዓት እንዳያመልጠን ነው ፍርሃቴ።

ያመለጠኝን ልንገራችሁ።

ሐጂዬ ሲደክሙ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። የአጎቴን ቴፕ ተውሼ፣ ባለ ዘጠና ደቂቃ ካሴት ገዝቼ፣ ፊታቸው ተቀመጥኩ። መጀመሪያ አፍረው ነበር። ከዚያ ረሱኝ። አንዱን ገጽ ሞሉት፣ ሁለተኛውንም ሞሉት። መሀል ላይ ድምፃቸው ሲሰነጠቅና ልጃቸው ውሃ ሲያቀብላቸው ይሰማል። የብርጭቆው ድምፅ ሳይቀር ይሰማል። በእጄ ጽሑፍ «የሐጂ መንዙማ» ብዬ ጻፍኩበት። ሥራ ስይዝ፣ አንድ የስርጭት መሥሪያ ቤት ነው፣ ካሴቱን ለዕቃ ቤታቸው ሰጠሁ። ከእኔ ቤት ይልቅ እዚያ ይጠበቃል ብዬ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ለአንድ ፕሮግራም ፈልጌ አወጣሁት። የእጄ ጽሑፍ እንዳለ ነው። ስከፍተው ግን የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ካሴት ስላነሰ ላዩ ላይ ቀድተውበታል። ወደ መጨረሻው ሄድኩ፣ ምናልባት ጥቂት ተርፎ ይሆን ብዬ። ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ አርባ ሰከንድ ያህል ጭብጨባ ቀርቷል። የሐጂዬ ድምፅ የለም። በዚያን ጊዜ እሳቸው ከሞቱ ዓመት አልፏቸው ነበር።

ያን ያደረገውን ሰው አልከስም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው። ግን ያ ካሴት ለማንም የማይጠቅም መስሎት ስለነበር ነው ያጠፋው። የሼኽ ሙሐመድ አወልን መንዙማ በካሴት ሰምቶ ያልተመሰጠ የደሴ ሰው ማን አለ? ታዋቂው ተርፏል። በየመንደሩ ያለው ነው ያልተረፈው። በገናም ቢሆን በደርግ ዘመን ትምህርቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ውስጥ ተቋርጦ ነበር። ዓለሙ አጋን የመሰሉ ጥቂት ሰዎች ይዘውት ባይቆዩ ኖሮ ዛሬ በገና የሚያነሳ ወጣት አናይም ነበር። የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ነው ሁሌም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ይህ ደግሞ ምንም በጀት አይፈልግም። የድምፅ ማጉያ ጉዳይ ነው።

በገና አሥር አውታር አለው። አውታሩ ከታች በርኩማው ላይ ሲያርፍ፣ በመሀላቸው እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ያቺ ቆዳ ናት አውታሩን የምታስነዝረው፤ ያን ደረት ውስጥ የሚገባ ወፍራም ድምፅ የምትሰጠው። ጣሪያ ላይ የምንሰቅላቸው የጡሩምባ ቅርጽ ያላቸው ማጉያዎች ወፍራሙን ድምፅ መሸከም አይችሉም። ቀጭኑን ብቻ ነው የሚያጮኹት። ስለዚህ በገናን በዚያ ስታሰሙ እንዚራዋ ትጠፋለች፣ የሚቀረው ጭረት ነው። አዛንም እንደዚሁ ነው። ጥሩ ድምፅ ያለው ሙአዚን በዚያ ማጉያ ሲያልፍ ጩኸት ይሆናል። የሁለቱም ባለሙያዎች ያላቸውን ውበት ሰው ሳይሰማው እየቀረ ነው።

አንድ ጊዜ ማጉያ እንድተክል ተጠርቼ ሄድኩ። የየትኛው እምነት እንደሆነ አልናገርም፤ በሌላውም ተመሳሳይ አጋጥሞኛል። «ወደዚያ አዙረውና ከፍ አድርገው፣ እነዚያም እንዲሰሙት» አሉኝ። እነዚያ የተባሉት በዚያው ሰዓት ጸሎት ላይ ነበሩ። ያ ማጉያ ለማሰማት አልነበረም፣ የሌላውን ለመሸፈን ነበር። ከሁለቱም በኩል ሲከፈት ደግሞ ሰፈሩ ሁለቱንም መስማት አቆመ። መስኮት መዝጋት ጀመረ። አባቶች ሆይ፣ አጥቢያውና መስጊዱ ተነጋግረው በሰዓት ቢከፋፈሉት፣ ድምፁንም ወደራሳቸው ግቢ ቢያዞሩት ምን ይጎዳል? እናንተ አንድ ቃል ብትናገሩ የሰፈር ሽማግሌዎች ይጨርሱታል። የቴክኒኩን ሥራ እኔና ጓደኞቼ በነጻ እንሠራለን።

ወደ ልመናዬ ልመለስ። ቀረጻው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ጥሩ መቅረጫ፣ ሁለት ማይክሮፎን፣ ግዕዝ የሚችል አንድ ሰው፣ ዐጀሚ የሚያነብ አንድ ሰው። ዩኒቨርሲቲዎች አሉን፤ ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ጎንደርም እንዲሁ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልጆች አሉ። የጎደለው የእናንተ ደብዳቤ ነው። አንድ የሰፈር ሼኽ ቤት እኔ ማይክሮፎን ይዤ ብሄድ «ማን ላከህ?» ነው የሚሉኝ፣ ልክም ናቸው። የሁላችሁም ፊርማ ያለበት ወረቀት ይዤ ስሄድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መሪጌታውም ጋ በዚያው ወረቀት እገባለሁ።

ሲቀረጽ ደግሞ ቤታቸው ድረስ ተሄዶ ይሁን፣ ስቱዲዮ አይጠሩ። ሼኹ የመንዙማና የዱዓ ቦታቸው በሆነው ሐድራቸው ላይ፣ መሪጌታው ጉባኤ ቤታቸው ደጃፍ ላይ። ሙሉው ይቀረጽ፤ ሦስት ሰዓት ከፈጀ ሦስት ሰዓት። ቅጂው ለባለቤቱ ይሰጥ። «ይህ ለሰው አይሰማ» ያሉት ካለ አይሰማ። ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ቀርጾ ዩቲዩብ ላይ ይለቃል፣ ማስታወቂያ ገብቶበት ሌላ ሰው ገንዘብ ያገኝበታል። አዛውንቶቹ በቀራጭ ላይ የነበራቸውን አመኔታ ያጠፋው አንዱ ይሄ ነው።

ከዚያ የማዳመጫ ምሽት ይኑር። ትልቅ አዳራሽ አያስፈልግም። ሼኹ መንዙማቸውን ሙሉውን ይበሉ፤ መሪጌታውና ተማሪዎቻቸው ይስሙ፣ ጥያቄ ይጠይቁ። በሌላ ቀን መሪጌታው ዕዝሉን ከአራራዩ ለይተው ያሰሙ፤ ሼኹና ደረሶቻቸው ይስሙ። የካቶሊኩና የወንጌላውያኑ መዘምራንም የራሳቸውን ይዘው ይምጡ፤ የደቡቡ ዝማሬ ለእኛ ለሰሜኖቹ ጆሮ አዲስ ነው። ጭብጨባ አያስፈልግም። ቡና ግን ይፈላ።

ሦስት ሰው አውቃለሁ፣ ከእነሱ ብንጀምር። አንዷ ከሐይቅ ወዲያ ያሉ ዱበርቲ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ራሳቸውም አያውቁትም። አንዱ ዓይናቸው የጠፋ ሼኽ ናቸው፤ መንዙማውን ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል። ሦስተኛው ያ አምስት ደቂቃ ያልበቃቸው መሪጌታ ናቸው። ባለፈው ወር ሄጄ ጠይቄያቸው ነበር። ጥርሳቸው አልቋል። ዜማውን ጀመሩልኝና አንድ ቦታ ላይ ቆም አሉ። «ርክርኩ አፌ ውስጥ ተበተነብኝ» አሉ፣ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈን አድርገው። «ቶሎ የምትመጣ ከሆነ ና» አሉኝ። ከፍልሰታ በፊት እመጣለሁ ብያቸዋለሁ። ደብዳቤያችሁን እጠብቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አንድ የደሴ ልጅ፣ የድምፅ ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር
ለወሎ ዩኒቨርሲቲ
በያላችሁበት